ጀማሪ የቋንቋ ተመራማሪን ለመሸለም መጀመሪያ ሥራውን እናንብብ

ዲፓርትመንታችሁ፣ ማኅበራችሁ ወይም ጆርናላችሁ በተግባራዊ ሥነ ልሳን ለጀማሪ ተመራማሪዎች እውቅና ለመስጠት አስቧል እንበል። ደግ ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ አመልካቾች ሲቪ ይልካሉ፣ ኮሚቴው ፐብሊኬሽን ይቆጥራል፣ ብዙ ያለው ያሸንፋል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ተሸላሚዋ ምን እንደጠየቀች፣ ምን እንዳገኘች፣ ሥራዋ ማንን እንደሚጠቅም አዳራሹ ውስጥ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ ጥቂት ሰው ነው።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ኮሚቴው ቁጭ ብሎ ማንበብ አለበት። ያመለከተውን ብቻ ሳይሆን ሳያመለክት የቀረውንም ፈልጎ ማንበብ አለበት። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ጀማሪ ማለት ማን ነው?

ይሄን ካልወሰናችሁ ገና ከመነሻው ትጣላላችሁ። ዕድሜን መስፈርት አታድርጉ። እኛ አገር ብዙ ሰው መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ከዚያ ማስተርሱን ይይዛል፣ ከዚያ መምህራን ኮሌጅ ይገባል፣ ፒኤችዲ ሲጀምር አርባ ዓመት ሊሞላው ይችላል። እንደ መምህር አንጋፋ ነው። እንደ ተመራማሪ ግን ጀማሪ ነው፤ ለዚያውም ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ከማንም በላይ የሚያውቅ ጀማሪ። «ከ35 ዓመት በታች» የምትል አንዲት መስመር እንዲህ ያሉትን ሰዎች በሙሉ ታስወጣለች።

ዓመቱን ከፒኤችዲው ጀምራችሁ ቁጠሩ። የአውሮፓ የምርምር ካውንስል ለጀማሪዎች በሚሰጠው ድጋፍ ለብዙ ጊዜ ሲቀበል የቆየው ፒኤችዲ ከያዙ ከ2 እስከ 7 ዓመት የሆናቸውን ነው። ለእናቶች ደግሞ በእያንዳንዱ ልጅ 18 ወር ይጨምራል። ይሄን የመጨመር ልማድ ሳታመነቱ ውሰዱት። ወሊድ፣ ሕመም፣ አልጋ ላይ የዋለ ወላጅ ማስታመም፣ በጦርነት ምክንያት የተዘጋ ዩኒቨርሲቲ፣ መፈናቀል፣ ሁሉም ይቆጠር። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ትምህርቱ የተቋረጠበትን ሰው አንድም ቀን ካልተቋረጠበት ሰው ጋር በአንድ ሰዓት መለካት ፍርድ አይደለም። ማስረጃ አምጡ እያላችሁም አታስጨንቋቸው፤ አመልካቹ በሁለት መስመር ይጻፈው፣ እናንተም እመኑት።

የፒኤችዲ ተማሪዎችና ፒኤችዲ የጨረሱት በአንድ ምድብ አይወዳደሩ። ሁለት ምድብ ማድረግ ካልቻላችሁ አንድ ዓመት ለእነዚህ፣ አንድ ዓመት ለእነዚያ አድርጉት።

ምኑ ነው የሚታየው?

ሙያችን ላይ ልዩ ትኩረት የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። ተግባራዊ ሥነ ልሳን ቋንቋ ከሰው ኑሮ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሁሉ ይነካል። ክፍል ውስጥ ማስተማር፣ ፈተና ማዘጋጀት፣ የቋንቋ ፖሊሲ፣ ትርጉም፣ የምልክት ቋንቋ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ያለ አስተርጓሚ፣ ሐኪምና ታካሚ የሚነጋገሩበት መንገድ። ከ80 በላይ ቋንቋዎች ባሉበት አገር ይሄ የቅንጦት ጥናት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ካለ ጀምሮ መጽሐፉን ማን ይጻፈው፣ ፈተናው እንዴት ይውጣ፣ ልጁ ወደ እንግሊዝኛ መቼና እንዴት ይሻገር የሚለው ጥያቄ በየክልሉ አለ። አንዳንዱ ክልል በ7ኛ ክፍል ይሻገራል፣ ሌላው በ9ኛ። ትምህርት ሚኒስቴር አስጠንቶት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች 8ኛ ክፍል ሲደርሱ በውጤት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። እንዲህ ያለው ጥናት ሪፖርቱን በሚጽፉት ሰዎች ብቻ አይሠራም። ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ በልጆቹ ቋንቋ የሚያናግር፣ የተቀዳውን ድምፅ ቃል በቃል የሚገለብጥ ሰው ይፈልጋል።

ያ ሰው ብዙ ጊዜ ጀማሪ ተመራማሪ ነው። ስሙም ብዙ ጊዜ ምስጋና ገጹ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ መስፈርታችሁ የታተመ ጽሑፍ ብቻ አይሁን። አንድ ሰዓት የክፍል ውስጥ ንግግርን በደንብ ገልብጦ መጻፍ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሁለት ቋንቋ ከተቀላቀለበት ደግሞ ይብሳል። የተሰበሰበና ለሌሎች ክፍት የተደረገ ዳታ ይቆጠር። በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ ወይም በትግርኛ ተሞክሮ የተዘጋጀ የንባብ ፈተና ይቆጠር። የመምህራን ማሠልጠኛ ጽሑፍ፣ የሙያ ቃላት ዝርዝር፣ ትምህርት ቢሮ የተጠቀመበት ሪፖርት ይቆጠር። በአማርኛ ወይም በሌላ የአገራችን ቋንቋ የተጻፈ ጥሩ ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ከተጻፈው እኩል ይታይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «ዜና ልሳን» ላይ የወጣን ጽሑፍ «የአገር ውስጥ ነው» ብሎ ሳያነቡ ዝቅ የሚያደርግ ኮሚቴ ሥራውን እየሠራ አይደለም።

የጆርናሉን ስምና ነጥብ በሥራው ጥራት ቦታ አትተኩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረውና ዶራ በመባል የሚታወቀው ስምምነት የሚለውም ይሄንኑ ነው፤ አንድን ተመራማሪ በጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በሚያሳየው ነጥብ) አትመዝኑ፣ ሥራውን ራሱን እዩ ይላል። በቅጹ ላይ «የጽሑፎች ብዛት» የሚለውን ሳጥን አውጡና በቦታው «ከሁሉ የሚኮሩበትን አንድ ሥራ ይላኩ፣ ለምን እንደመረጡትም በአንድ ገጽ ይጻፉ» የሚል አስገቡ። ኮሚቴው አንድን ሥራ በደንብ ሊያነብ ይችላል። አሥራ አንድ ሥራ ግን አያነብም፤ ይቆጥራል እንጂ።

ፈልጋችሁ አግኟቸው

ማስታወቂያ ለጥፎ መቀመጥ አይበቃም። ማመልከት የሚደፍረው አስቀድሞ «በርታ» የተባለ ሰው ነው። ራሴን ማሞገስ ነውር ነው ብሎ ያደገ ሰው ደግሞ ሥራው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቅጹን አይሞላም። ይሄ በተለይ ሴት ተመራማሪዎችንና ከዋና ከተማ ርቀው ያሉትን ይጎዳል። ስለዚህ የጥቆማውን በር በሰፊው ክፈቱት። አማካሪ ብቻ ሳይሆን የሥራ ባልደረባ፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ጥናቱ የተደረገባቸው መምህራን፣ የትምህርት ቢሮ ባለሙያ ይጠቁም። ጥቆማው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ረጅም ቅጽ ካደረጋችሁት ጊዜ ያለው አማካሪ ያለው ብቻ ነው የሚጠቆመው።

ሁለተኛው ምንጭ የዲፌንስ ፈታኞች ናቸው። ፈታኝ ሆኖ የሚጋበዝ ሰው በዓመት ብዙ ቲሲስ ያነባል፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲም ጭምር። ሰኔና ሐምሌ ላይ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ ላኩላቸው፦ «ዘንድሮ ካነበቡት ውስጥ የእርስዎን አስተያየት ያስቀየረ ሥራ የትኛው ነው?» ከማስታወቂያ የሚሻል ዝርዝር ታገኛላችሁ። ሦስተኛው የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ናቸው። እዚያ በየዓመቱ ስለ ንባብ፣ ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ክፍል ቋንቋ ብዙ ተግባራዊ ጥናት ይሠራል፣ አብዛኛው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሄዳችሁ ጠይቁ።

በስም በኩል ደግሞ አንድ የኛው ችግር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ ጆርናሎችና የመረጃ ቋቶች ግን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። በዚያ ላይ ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ጽሑፍ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ይሆናል። ሰውየው የጻፈው ለሦስት ሰው ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ኮሚቴው ሲፈልገው አንድ ሦስተኛውን ያገኝና «ብዙም አልሠራም» ይላል። ጀማሪዎቹን ገና በመጀመሪያው ሴሚናር ኦርኪድ የሚባለውን ነፃ የተመራማሪ መለያ ቁጥር እንዲያወጡና አንድ የስም አጻጻፍ መርጠው እንዲጸኑበት ምከሯቸው። እናንተም ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙን በየአጻጻፉ ፈልጉ።

ፍርዱ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት ስዊድናዊ ተመራማሪዎች፣ ክርስቲን ቬኔሮስና አግኔስ ቮልድ፣ የአገራቸው የሕክምና ምርምር ካውንስል ለጀማሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍ እንዴት እንደሚመድብ መረመሩ። አንዲት ሴት ከወንዱ እኩል የብቃት ነጥብ ለማግኘት 2.5 እጥፍ ያህል መሥራት ነበረባት። ዳኞቹ ውስጥ የሚያውቃት ሰው መኖሩም ነጥቡን ከፍ ያደርግ ነበር። ስዊድን ውስጥ እንዲህ ከሆነ እኛ ጋ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ጠባብ ሙያ ውስጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። እያንዳንዱን ሥራ ቢያንስ ሁለት ሰው ሙሉውን ያንብበው፤ አንደኛው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሁን። አማካሪ የራሱን ተማሪ ጉዳይ ሲታይ ከክፍሉ ይውጣ። ድምፅ አለመስጠት ብቻ አይበቃም፣ ፕሮፌሰሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን ደፍሮ ይናገራል? አንባቢዎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት አስተያየታቸውን በጽሑፍ ያስገቡ፤ አለበለዚያ ትልቁ ሰው መጀመሪያ ይናገርና ሌላው ሁሉ «እኔም እንደሳቸው» ይላል። ሥራው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተሰበሰበ ዳታ ካለው ያን ቋንቋ የሚያውቅ አንባቢ ፈልጉ። የተተረጎመውን ምሳሌ ብቻ ዓይቶ መፍረድ ለተመራማሪውም ለቋንቋውም ግፍ ነው።

ለማንበብ የሚረዱ ጥያቄዎችም አስቀድማችሁ ስጧቸው። ጥያቄው ከእውነተኛ ችግር የተነሳ ነው? መረጃው እንዴት ተሰበሰበ፣ የተጠኑትስ ሰዎች ተከብረዋል? ጸሐፊዋ ማስረጃዋ ከሚፈቅድላት በላይ ተናግራለች? አንድ የ5ኛ ክፍል መምህር ይሄን ቢያነብ ነገ የሚያደርገው ነገር ይኖራል? የመጨረሻው ለሁሉም ጥናት ላይሠራ ይችላል፣ እኔ ግን ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ።

የጋራ ጽሑፍ ከሆነ ማን ምን እንደሠራ ጠይቁ። ክሬዲት የሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር የተመራማሪዎችን ድርሻ በ14 ይከፍላል፤ ሐሳቡን ማመንጨት፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ መጻፍ እያለ ይቀጥላል። በአማርኛ አንድ ገጽ አድርጋችሁ አዘጋጁትና ሁሉም ጸሐፊዎች ይፈርሙበት። የአማካሪ ስም ከፊት፣ ሥራውን የሠራችው ተማሪ ከኋላ የሚሆንበትን ልማድ ለመንካት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላየሁም።

ምን እንስጥ?

ገንዘብ ካለ ጥሩ ነው፤ ከየት እንደሚቀነስና መቼ እንደሚደርስ ግን አስቀድማችሁ አጣሩ። ተጨብጭቦለት ገንዘቡን ለማውጣት ለዓመት ከቢሮ ቢሮ የሚመላለስ ተሸላሚ ደስታው በቁጣ ነው የሚያልቀው። ገንዘብ ከሌለ ሌላ ብዙ የምትሰጡት አለ። እኔ በግሌ ከሁሉ የማስቀድመው ጊዜን ነው። አንድ ሴሚስተር የማስተማር ሰዓት ቀንሱላት። ብዙ ጀማሪ መምህራን ከፒኤችዲ ማግስት ጀምሮ ፍሬሽማን እንግሊዝኛ በትልልቅ ክፍል እያስተማሩና ወረቀት እያረሙ ቲሲሳቸውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩበት ጊዜ ያጣሉ። ሦስት ዓመት ሲያልፍ ዳታው ያረጃል፣ ተስፋም ይቆረጣል። ዲኑን አሳምናችሁ አንድ ኮርስ ብታስቀንሱ ከዋንጫ ይበልጣል።

ሌላው መድረክ ነው። ተሸላሚው የአሥር ደቂቃ «አመሰግናለሁ» ሳይሆን የአንድ ሰዓት ሙሉ ሴሚናር ይስጥ፣ ጥያቄ ይጠየቅ፣ መምህራንና የትምህርት ቢሮ ሰዎችም ይጋበዙ። ለውጭ ኮንፈረንስ የሚያመለክት ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤውን በጊዜ ጻፉለት፤ የቪዛ ቀጠሮ ደብዳቤ አይጠብቅም። ዓለም አቀፍ ዕድሎችንም አሳውቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ሥነ ልሳን ማኅበር፣ አይላ የሚባለው፣ አቅም ከሌላቸው አገሮች ለሚመጡ ተመራማሪዎች ወደ ዓለም ጉባኤው መምጫ የሚሆን የአጋርነት ሽልማት አለው። የአሜሪካው ማኅበር ለተማሪዎች የጉባኤ ድጋፍና የዲሰርቴሽን ሽልማት ይሰጣል። ቲርፍ የሚባለው ተቋም ደግሞ ዲሰርቴሽናቸውን ገና እየሠሩ ላሉ ድጋፍ ያደርጋል፤ ይሄ አካሄድ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እገዛው ሰው በሚፈልገው ሰዓት ይደርሳል። የእናንተ ኮሚቴ ከሚሠራቸው ጠቃሚ ሥራዎች አንዱ የእነዚህን ማመልከቻ ቀኖች በየዓመቱ ለሁሉም ጀማሪ መላክና ማመልከቻቸውን ከመላካቸው በፊት ማንበብ ነው።

ያላችሁን ነገር ሁሉ ለአንድ ሰው አትስጡ። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1968 የታወቀ ሳይንቲስት ለተመሳሳይ ሥራ ከማይታወቀው የበለጠ ክብር እንደሚያገኝ ጽፎ ነበር። ነገሩንም «የማቴዎስ ውጤት» አለው፤ ስሙን የወሰደው ከማቴዎስ ወንጌል ነው፣ «ላለው ሁሉ ይሰጠዋል» ከሚለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት ደግሞ በቁጥር አሳየው። ነጥባቸው እኩል ሊባል ከሚችል ጀማሪዎች መካከል መቁረጫውን ለጥቂት ያለፉት፣ በቀጣዮቹ 8 ዓመታት ለጥቂት ከቀሩት ከሁለት እጥፍ በላይ የምርምር ገንዘብ አገኙ። ከምክንያቶቹ አንዱ የተሸነፉት ዳግም ለመወዳደር አለማመልከታቸው ነው። በአንዲት ነጥብ የቀረ ሰው ሞራሉ ተነክቶ ሊተወው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሽልማት ከማድረግ ሦስት ትንንሽ አድርጉ። ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ የተሸለመ ሰው ቢቀርባችሁ ማሸነፉን እንደ ማስረጃ አትውሰዱት፤ ሥራውን እንደማንኛውም ሥራ አንብቡት።

ደብዳቤው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ላደረጉት ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የሚል ደብዳቤ ለማንም ሊሰጥ ይችላል። ጥሩ ደብዳቤ ሥራውን ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ይህን እውቅና የሰጠንዎት የ4ኛ ክፍል ልጆች በወላይትኛ ያነበቡትን በእንግሊዝኛ ሲጠየቁ የት ላይ እንደሚሰናከሉ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ አናግረው ስላሳዩን ነው። ልጆቹ ያልገባቸው ታሪኩ ሳይሆን የጥያቄው አቀራረብ መሆኑን ያሳዩበት ሦስተኛው ምዕራፍ በኮሚቴው ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። የፈተና አዘጋጆች እንዲያነቡት ለትምህርት ቢሮው ልከነዋል።»

ይሄ ደብዳቤ ለዕድገት ሲቀርብ ይናገርላታል፣ ሥራ ስትፈልግ ይናገርላታል፣ ቤተሰቧም አንብቦ ልጁ ምን እንደምትሠራ ይረዳል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፉት፤ የእንግሊዝኛው ለውጭ ማመልከቻ ይሆናል። ስሟን እሷ በመረጠችው አጻጻፍ ጻፉ፣ ከማተማችሁ በፊትም አሳዩአት።

ላልተመረጡትም ጻፉ። ስንት ኮሚቴ ነው በዝምታ የሚተዋቸው! የተነበበ ሥራ ስለሆነ ለመጻፍ አይከብድም። አንድ የወደዳችሁትን ነገር፣ አንድ ቢስተካከል የሚጠቅም ነገር፣ በሚቀጥለው ዓመት ማመልከት ይችሉ እንደሆነ። ሦስት መስመር ይበቃል። ያን የኔዘርላንዱን ጥናት አስታውሱ፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር የምታደርጉት በዚህች ሦስት መስመር ነው።

ምንም ኮሚቴ የሌላችሁ፣ ብቻችሁን የምታስተምሩ ሰዎችም የምታደርጉት አለ። የጀማሪዋን ጽሑፍ ኮርሳችሁ የንባብ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። በጽሑፋችሁ ስትጠቅሱ በራሷ ስም ጥቀሱ እንጂ «አንድ የማስተርስ ጥናት» ብላችሁ አትለፉ። ጆርናል ለሪቪው ሲልክላችሁ ጊዜ ከሌላችሁ የእሷን ስም ለአዘጋጁ ስጡ። አንብባችሁ የወደዳችሁትን ሥራ ባለቤት ስልክ ፈልጋችሁ ደውሉ፤ ብዙ ጀማሪ ቲሲሱን ከፈታኞቹ ሌላ ሰው አነበበው የሚል ወሬ ሰምቶ አያውቅም።

ስለ ጊዜው፦ ጥቆማውን ሰኔ ላይ ጀምሩ፣ ክረምቱን አንብቡ፣ መስከረም ላይ ተሰብሰቡ፣ ጥቅምት ላይ ትምህርት ሲጀመር አሳውቁ፤ የኮርስ ቅነሳ ካለ ለመጀመሪያው ሴሚስተር እንዲደርስ ከዲኑ ጋር ነሐሴ ላይ ተነጋገሩ። የአንባቢዎቹን የጽሑፍ አስተያየትና የተጠቆሙትን ሁሉ ዝርዝር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡና ለቀጣዩ ዓመት ኮሚቴ አስረክቡ። ዘንድሮ ያልደረሳቸው ሰዎች ስም እዚያ ውስጥ ስላለ፣ የሚመጣው ኮሚቴ የመጀመሪያ ስብሰባውን ከእነሱ ይጀምር።